ቀራጩ ማቴዎስና ማርክ ሊስቱ

በሰው ላይ እንዳይፈርድ የታዘዘ አማኝ፣ በሌላ ሰው ልጅ ስም ትይዩ ከመቶ 38 ብሎ መጻፍ ይችላል ወይ?

ይህን ጥያቄ ድሮ ያነሣብኝ ሰው ቢኖር የሥራ ፈት ጥያቄ ነው ብዬ አልፈው ነበር። የባንክ የውስጥ ኦዲተር ነበርኩ፤ እንጀራዬ ፍርድ ነበር ማለት ይቻላል። ሳይነገራቸው ቅርንጫፍ እንደርሳለን፣ ካዝና እናስቆጥራለን፣ የብድር ፋይል እናገላብጣለን። የጎደለች ፊርማ፣ ጊዜው ያለፈበት የንብረት ግምት፣ በአንድ ሰው እጅ ተዘጋጅቶ በዚያው እጅ የጸደቀ ቫውቸር ከተገኘ «የኦዲት ግኝት» ተብሎ ይመዘገባል። ያኔ እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር አልነበረም። የምፈርደው በወረቀት ላይ እንጂ በሰው ላይ አይመስለኝም ነበርና። ወረቀቱም ቢሆን ያለፈ ነገር ነው፤ የተዘጋ ወር፣ የተዘጋ ዓመት፣ የተዘጋ ሂሳብ። ኦዲተር ሁልጊዜ የሚደርሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ባንኩን የለቀቅሁት በ2012፣ ኮሮና በገባበት ዓመት ነው። ምክንያቱን ለሰው ማስረዳት እስካሁን ይቸግረኛል፤ አማቴ ግን አንዴ ሰምተው ጨረሱት። «ልጄ፣ አባረሩህ እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ እማማ፣ ራሴ ነኝ የለቀቅሁት፤ አስተማሪ ልሆን ነው» ስላቸው ትንሽ ዝም አሉና፣ «እንግዲያው ጸበል ነው የሚያስፈልግህ» አሉ። እየቀለዱ አልነበረም። የመምህር ደሞዝ ስንት እንደሆነ አገር ያውቃል፤ እሳቸውም ልጃቸውን የዳሩት ለባንክ ሠራተኛ ነበር።

ወዳጆቼ ሊያጽናኑኝ ሞክረዋል። አንዳንዱ ያችን ራሷ እየቀለጠች ለሌላው የምታበራ ሻማ አመጣልኝ። ሻማዋን ፈጽሞ አልወዳትም፤ የሚቀልጥ ሰው 60 ጎረምሳ ፊት መቆም አይችልም። ሌላው ደግሞ የቅዱስ ያሬድን ትል ነገረኝ፤ ዛፉ ላይ እየወጣች እየወደቀች በመጨረሻ ጫፍ የደረሰችውን። የያሬድ ታሪክ ግን የተማሪ ታሪክ ነው። ለእኔ የሚያስፈልገኝ የመምህሩ የአባ ጌዴዎን ነበር። በትውፊቱ እንደምንሰማው፣ ትምህርት አልገባህ አለው ብሎ የገረፈውን፣ በዚያም የተነሣ የጠፋበትን ልጅ፣ በተመለሰ ጊዜ እንደገና ተቀብሎ አስቀምጦ ያስተማረ ሰው ነው። ስለ ጌዴዎን ማንም አልነገረኝም።

የእኔን ነገር የሚመስል ታሪክ ያገኘሁት ማቴዎስ ጋር ነው። ማቴዎስ ቀራጭ ነበር። መቅረጫው ላይ ተቀምጦ ሳለ ተጠራ፣ ተነሥቶ ሄደ፤ አለቀ። እንደ ሂሳብ ሰው ካዝናውን ለማን አስረከበ ብዬ ብጠይቅም መልስ አላገኘሁም። ጴጥሮስ ከትንሣኤው በኋላ እንኳ ዓሣ ሊያጠምድ ሄዷል፤ መረቡ ይጠብቀዋል። ቀራጭ ግን ወንበሩን ከለቀቀ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። ይህን ባንክ የሠራ ሰው በደንብ ያውቀዋል።

ዛሬ ሊቃውንት ስለ መጽሐፉ ጸሐፊ ማንነት ይከራከራሉ። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ግን የመጀመሪያውን ወንጌል ለዚህ ቀራጭ ይሰጠዋል፤ እኔም በኦዲተር ዓይን ሳነበው ትውፊቱን ለመጠራጠር አልቸኩልም። ዕዳ፣ መክሊት፣ ደሞዝ፣ መተሳሰብ በየገጹ አለ። ንጉሡ ከባሪያዎቹ ጋር ሂሳብ ሲተሳሰብ አንዱ ላይ አሥር ሺህ መክሊት ዕዳ የሚገኝበት ታሪክ እዚያ ብቻ ነው። በጎች ከፍየሎች የሚለዩበት የመጨረሻው ፍርድም እንዲሁ። የሚገርመኝ ግን ይህ የሂሳብ ሰው ሂሳብ የማይሠራባቸውን ሁለት ታሪኮች ጽፎ ማቆየቱ ነው፤ እነሱም በሌሎቹ ሦስት ወንጌላት የሉም። አንዱ የወይኑ አትክልት ሠራተኞች ነገር ነው። ጠዋት የገባውም በአሥራ አንደኛው ሰዓት የገባውም እኩል አንድ ዲናር ይከፈላቸዋል። ይህን ፔይሮል የሚያሳልፍ ኦዲተር አላውቅም። ሁለተኛው እንክርዳዱ ነው። ባሪያዎቹ ገብተን እንንቀለው ሲሉ ባለቤቱ ይከለክላቸዋል፤ እስከ መከር አብሮ ይደግ ይላል። ምክንያቱን ገበሬ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ እንክርዳድ ፍሬ እስኪይዝ ድረስ ስንዴ ነው የሚመስለው። ቀድሞ የሚፈርድ ስንዴውንም አብሮ ይነቅላል።

እንዳንፈርድ የሚከለክለው፣ በሰፈርንበት መስፈሪያ መልሶ እንደሚሰፈርብን የሚያስጠነቅቀው ያው ወንጌል ነው። ደቀ መዛሙርቱ መምህር ተብለው እንዳይጠሩ የሚከለክለውም እሱ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ሂዱና አስተምሩ ብሎ ያሰናብታቸዋል። ስሙን ከልክሎ ሥራውን ያዛል። ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ይህን ጉዳይ ፊት ለፊት የገጠመው ሰባኪ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አውጉስጢኖስ ግን ገጥሞታል። በ386 እ.ኤ.አ. በሚላን የነበረውን የንግግር ጥበብ መምህርነት ከነደሞዙ ትቶ ወጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከልጁ ከአዴዎዳቱስ ጋር ሲነጋገር የሚያሳየውን ስለ መምህር የሚባለውን መጽሐፍ ጻፈ። አባትና ልጅ ብዙ ተከራክረው የሚደርሱበት ነገር እንግዳ ነው፤ ሰው ሰውን አያስተምርም። የመምህሩ ቃል ምልክት ብቻ ነው፤ እውነቱን ገልጦ የሚያሳየው በተማሪው ውስጥ ያለው መምህር፣ ክርስቶስ ራሱ ነው። መጽሐፉን ያነበብኩት መምህር ለመሆን በተመዘገብኩበት ሰሞን ነው። እሱ ከመምህርነት ወጥቶ ሰው መምህር ሊሆን እንደማይችል ይነግረኛል፤ እኔ ደግሞ ባንክ ለቅቄ ወደዚያው እገባለሁ።

መንግሥት አውጉስጢኖስን አያውቀውም። የኢኮኖሚክስ ዲግሪ ስላለህ ብቻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተህ ቾክ አትይዝም። ፒጂዲቲ የምንለውን የማስተማር ሙያ ዲፕሎማ መጨመር አለብህ፤ የትምህርት ሥነ ልቦና፣ የክፍል አያያዝ፣ ምዘና፣ አካቶ ትምህርት፣ ተግባራዊ ምርምር፣ በመጨረሻም ፕራክቲከም። አብረውኝ የተቀመጡት ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጡ ልጆች ነበሩ። የምዘናን ትምህርት የሰጠን ሰውም በዕድሜ ያንሰኛል። ሲያናግረኝ «ጋሼ» ይላል፤ ወረቀቴ ላይ ግን ያለ ጋሼ ነጥብ ይቀንሳል። ደስ ይለኝ ነበር ብል ዋሸሁ። ያም ሆኖ አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ ስንቱን ሰው ስመረምር ኖሬ እኔን ቁጭ አድርጎ የመረመረኝ ሰው ከስንት ዘመን በኋላ መገኘቱ ነው።

ፕራክቲከም የወጣሁበት ትምህርት ቤት የተመደቡልኝ አማካሪ ጡረታቸው የቀረበ መምህርት ነበሩ። የመጨረሻው ወንበር ላይ ቅጻቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። የትምህርቱ ዓላማ፣ የሰሌዳ አጠቃቀም፣ የሰዓት አጠቃቀም፣ የተማሪዎች ተሳትፎ፤ ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ውጤቴን ለመስማት ስጠጋቸው ቅጹን ወደ ቦርሳቸው ከተቱት።

«እኔ እኮ አንተን አላየሁህም» አሉኝ።

«እንዴት እትዬ? ሙሉ ክፍለ ጊዜውን እዚያው ተቀምጠው…»

«ሰማሁህ እንጂ አላየሁህም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚያየው የልጆቹን ማጅራት ነው። ፊታቸውን ወደ አንተ አዙረው ማጅራታቸው የተኛ ልጆች አሉ። እነዚያን ቁጠር።»

ሰው ፊቱን ለአስተማሪው ያዘጋጃል፤ ማጅራቱን ግን ለማን ብሎ ያዘጋጃል? በኋላ እኔም ሌላ ጀማሪ ለማየት ከኋላ ስቀመጥ አየሁት። ነገሩ ሲገባው ልጁ ትንሽ ቀና ይላል፣ ከዚያ ወዲያው አንገቱን ደፍቶ መጻፍ ይጀምራል። ያልገባው ደግሞ አንገቱን ሳያነቃንቅ ሰሌዳውን እያየ ይቆያል። እንዲህ ዓይነቱን ልጅ ከፊት ለፊት ያየ መምህር በጥሞና እየተከታተለ ነው ብሎ ያልፈዋል።

በኦዲት ማስረጃው ያለው ተመርማሪው እጅ ላይ ነው። ቫውቸሩም መዝገቡም የሱ ነው። እዚህ ግን የተመረመርኩት እኔ ሆኜ ማስረጃው ያለው በልጆቹ አካል ላይ ነበር። ዲፕሎማውን ካገኘሁ፣ ከተቀጠርኩ፣ የጀማሪዎችን የሙያ ትውውቅ ከጨረስኩ፣ ተሙማ የምንለውን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ዶሴ በዶሴ ካከማቸሁ በኋላም ይህ አልተለወጠም። ብቁ ነው ብሎ የሚመሰክርልኝ ነገር ኪሴ ውስጥ አልነበረም፤ አሁንም የለም። በነገራችን ላይ የሙያ ዕድገት መሰላሉ ጀማሪ መምህር ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ መለስተኛ መምህር፣ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ነው መምህር የሚልህ። ስሙን ለመስጠት አለመቸኮል ላይ መሥሪያ ቤቱ ከወንጌሉ ጋር ሳያውቀው ተስማምቷል። ደሞዙ ላይ ግን አልተስማማም፤ በአሥራ አንደኛው ሰዓት ለገባ ሰው የአሥራ አንደኛውን ሰዓት ነው የሚከፍለው። ፔይሮል ላይ ከስሜ በላይም በታችም ያሉት ልጆቼ ሊሆኑ ምንም የማይቀራቸው ናቸው።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። የ11ኛ ክፍል ፈተና አውጥቻለሁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ሌላው ሁሉ ባለበት ሆኖ የአንድ ዕቃ ዋጋ ቢጨምር ገዢው የሚገዛው መጠን ምን እንደሚሆን በግራፍ አሳዩ ይላል። መልሱ የታወቀ ነው፤ በዚያው መስመር ላይ ወደ ላይ መውጣት፣ ዋጋው ሲጨምር መጠኑ ይቀንሳል። አንዲት ልጅ ግን መስመሩን እንዳለ ነቅላ ወደ ቀኝ ወሰደችው። ዋጋ ሲጨምር ሰው የበለጠ ይገዛል ማለት ነው። ሥሩ ላይ ደግሞ ግማሹ እንግሊዝኛ ግማሹ አማርኛ የሆነ ማብራሪያ ጽፋ ሰርዛዋለች። ከአምስት ዜሮ። ቀይ ቢክ አነሣሁ፣ ጻፍኩ፣ ወደሚቀጥለው ወረቀት አለፍኩ። በኦዲት ቋንቋ ከመስፈርቱ ጋር አይጣጣምም፤ ተመዝግቧል፤ ተዘግቷል።

የተሰረዘው ጽሑፍ ግን ከነከነኝ። በዕረፍት ሰዓት ጠራኋትና ምን ልትጽፊ ነበር አልኳት።

«ቲቸር፣ እናቴ እኮ ጤፍ ሲወደድ ነው ብዙ የምትገዛው።»

«ለምን?»

«ነገ ደግሞ ይጨምራል ብላ። ባለፈው ተበድራ ኩንታል አስገባች።»

ይህች ልጅ ያለችው ነገር መጽሐፉ ውስጥ አለ። የዋጋ ግምት ይባላል፤ ሰው ነገ ይወደዳል ብሎ ከጠበቀ ዛሬ የሚፈልገው መጠን ይጨምራል፣ መስመሩም እንዳለ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እሷ የሣለችው ይህንኑ ነው። ገና ያልደረስንበትን ገጽ ከእናቷ ጓዳ አምጥታ ነው የመለሰችልኝ። ጥያቄው ግን ሌላው ሁሉ ባለበት ሆኖ ይላል። እሷ ቤት ሌላው ሁሉ ባለበት ቆሞ አያውቅም።

እንግዲህ ስንት ልስጣት? እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ መጨረሻው መምህሩ ከአምስት አምስት ሰጣት የሚል ነው። አልሰጠሁም። የተጠየቀችውን አልመለሰችም፤ በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናም ያው ጥያቄ ሲመጣላት እናቷን የሚያውቅ አራሚ የለም። ዜሮው ዜሮ ሆኖ ቀረ። አጠገቡ ግን የገጹን ቁጥርና አንድ ጥያቄ ጻፍኩላት፤ የእናትሽ ጤፍና የፈተናው ጤፍ ልዩነታቸው ምንድን ነው? በሚቀጥለው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ወጥታ ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን ሣለቻቸው። ሁለተኛው ላይ ዋጋውንና መጠኑን የጻፈችባቸውን መስመሮች አቀያይራቸው ስለነበር ክፍሉ ሳቀባት፤ እሷም ሳቀች፣ አስተካከለችው።

ያ ዜሮ ሁለት ጊዜ ነው የተጻፈው። መጀመሪያ የጻፍኩት ግኝት ነበር። ሁለተኛው ያው ቁጥር ነው፣ ያው ቀይ ቢክ ነው፤ ግን ሂሳቡ አልተዘጋም። ወንጌሉ ፍርድን ሲከለክል ማርክን እየከለከለ እንዳልሆነ ቀስ በቀስ የገባኝ እንዲህ ባሉ ወረቀቶች ላይ ነው። የከለከለው የእንክርዳዱን ነቀላ ነው፤ ከመከር በፊት መዝጋትን።

ይህን ስል ግን ማርክ እንደ ሳንቲም ለሚበትኑት መምህራን ጥብቅና የቆምኩ እንዳይመስል። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከትምህርት ቤቶች ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ ከተፈታኙ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት 3.2 ሆነ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በሁለቱም ዓመት ከ1,000 በላይ ነበሩ። ውጤቱ በተነገረ ሰሞን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ለቅሶ ቤት ነበር የሚመስለው፤ አንዱ ፈተናውን ይወቅሳል፣ አንዱ ስልክን፣ አንዱ ጦርነቱንና ኮሮናን፣ አንዱ የታችኛውን ክፍል መምህራን። ሁሉም የራሱ እውነት አለው። እኔን ግን የድሮ ሙያዬ አልተወኝም። እነዚሁ ልጆች በየዓመቱ ሮስተር ላይ 70 እና 80 ይዘው ሲያልፉ ነበር የመጡት። ባላንስ ሺቱ ሲያምር የኖረ ባንክ አንድ ቀን ካዝናው ተከፍቶ ባዶ ሲገኝ ምን እንደሚመስል አውቃለሁና ብዙም አልደነቀኝም። በየዓመቱ በአዘኔታ፣ በወላጅ ልመና፣ በርዕሰ መምህር ግፊት የተጨመረችው ነጥብ ደግነት አልነበረችም። የሐሰት ምስክርነት ነበረች፤ ዕዳውን ደግሞ የከፈለው መስካሪው ሳይሆን የተመሰከረለት ልጅ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ብዙ ሰው መምህር ለመሆን እንዳይቸኩል የሚያስጠነቅቀው የመምህር ፍርድ ስለሚከብድ ነው። በእነዚያ ዓመታት የከበደው ፍርድ የወደቀው በመምህሩ ላይ ሳይሆን በልጁ ላይ ነበር። ሐዋርያው ይህንን ቢያይ ምን ይል ነበር?

ልጅ ሳለሁ የቄስ ትምህርት የተማርኩት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ። ሁላችንም በአንድ ላይ እየጮኽን እንማራለን፤ ትንንሾቹ ፊደል ይቆጥራሉ፣ ሌሎቹ መልእክተ ዮሐንስ ያነባሉ፣ ትልልቆቹ ዳዊት ይደግማሉ። እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው የተኙ ይመስላሉ። በመሀል «አንተ፣ ተመለስ!» ይላሉ። ማንን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል አንዲት የተጣመመች ቃል ለይተው ሰምተዋል። ማርክ የለም፣ ደረጃ የለም። የወደቀ ልጅም የለም፤ ያልጨረሰ ልጅ ነው ያለው። አለንጋ ግን ነበር፣ አቋርጦ የሄደውን የሚፈልገው ሰውም አልነበረም፤ ስለዚህ ያን ዘመን በደፈናው ላሞግሰው አልችልም።

ከዚያ ትምህርት ቤት አሁን የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ማንም ሰው ራሱን መምህር አያደርግም። ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ያስተማሩት ሰው የቱንም ያህል ሊቅ ቢሆኑ፣ አስመስክሮ መምህር ለመሆን ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ይሄዳል። ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ዙር አባ ነው። ስንት ዓመት የለፋበትን፣ በቃሉ የያዘውን ዜማ ይዞ እንደ አዲስ ተማሪ ከሊቁ ፊት ይቀመጣል፤ ያሰማል፣ ይታረማል። ጢሙ የሸበተም ቢሆን ይቀመጣል። ምስክርነት የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ በአርባዎቹ ዕድሜዬ ፒጂዲቲ ክፍል ውስጥ መቀመጤን እንደ ውርደት የቆጠሩብኝ ዘመዶቼ፣ ይህንኑ ያደረገ የድጓ መምህር ሲመጣ ተነሥተው ነው እጅ የሚነሡት።

ማርክ የመስጠት መብት ከየት ይመጣል ብባል አሁን የምመልሰው ይህንን ነው፤ ከመመርመር። በሰፈርክበት ይሰፈርብሃል የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን እንደ ዛቻ እንሰማዋለን። እኔ እንደ ሙያ ደንብ ነው የምሰማው። መስፈሪያው ሥር ራሱን ያላስቀመጠ ሰው መስፈሪያ ሊይዝ አይገባውም። ባንክ ሳለሁ ሌሎችን ስሰፍር ከመስፈሪያው ውጭ ነበርኩ፤ የኦዲተር ነጻነት የሚባለውም ይኸው ነው፣ ለዚያ ሥራ ደግሞ ተገቢ ነው። ክፍል ውስጥ ግን ከመስፈሪያው ውጭ የሚቆም መምህር ልጆቹን ቆጥሮ ይሄዳል እንጂ አያስተምራቸውም።

ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ ለንስሐ አባቴ አወራሁላቸው። አሳጥረህ ተናገር የሚሉ ሰው ናቸው።

«አባ፣ ማርክ ስሰጥ እየፈረድኩ ነው ወይ?»

«ስንት ነው የምትሰጠው?»

«የሚገባቸውን።»

«ከሰጠህስ በኋላ?»

«ማርክ ሊስቱን ለሪከርድ ኦፊስ አስረክባለሁ።»

«እሱ ነዋ ፍርዱ» አሉኝ። «እኔ ስግደት አዝዤህ፣ ጾም አዝዤህ፣ በዚያው ብትጠፋብኝ ፈረድኩብህ ማለት ነው። ቀኖና የምሰጥህ ፈጽመህ ተመልሰህ እንድትመጣ ነው። አንተ ቁጥሯን ሰጥተህ ልጁን የት ታገኘዋለህ?»

እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን የንስሐ ልጆቻቸው በቁጥር ከአንዱ ክፍሌ ተማሪዎች የሚበልጡ አይመስለኝም፣ እኔ ደግሞ ያለኝ አንድ ክፍል ብቻ አይደለም። ሪከርድ ኦፊስ ቀነ ገደብ አለው። በሰኔ የተሞላ ሮስተር በመስከረም አይከፈትም። 38 ያመጣው ልጅ ክረምቱን ሠርቶ ቢመጣ እንኳ ሌላ መምህር፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ነው የሚያገኘው። የ12ኛ ክፍሉ ፈተና ሲመጣማ መከሩ ደረሰ ማለት ነው፤ ማን ስንዴ ማን እንክርዳድ እንደሆነ ኮምፒውተር ያርማል። ስለዚህ መልሴ ግማሽ መልስ ነው። ሂሳቡን ክፍት ማድረግ የምችለው በእጄ ላይ እስካለ ድረስ፣ በሴሚስተሩ መካከል፣ በሙከራ ፈተናዎችና በደብተሮች ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ አይደለም። ምናልባትም የአውጉስጢኖስ የውስጥ መምህር ሥራውን የሚጀምረው እዚያ ይሆናል፤ ይህን በእምነት እላለሁ እንጂ በማስረጃ አልናገረውም።

የመምህራንን የሙያ ፈቃድ ነገር ሳነሣ ደግሞ ባልደረቦቼ ይቆጡኛል። የጽሑፍ ምዘና አለ፣ ማህደረ ተግባር አለ፤ ፈቃዱም አንዴ ከተሰጠ ለዘላለም አይደለም፣ ይታደሳል። ብዙዎቹ ይህን እንደ ስድብ ነው የሚያዩት። እኔ የሚታደስ መሆኑን ወድጄዋለሁ፤ ሙሉ ብቃት አለህ ተብሎ ሂሳቤ ቢዘጋ ኖሮ ነበር የምሰጋው። ይህንን በሻይ ሰዓት ብናገር አንዱ፣ ከእኔ ብዙ ዓመት የቀደመ የፊዚክስ መምህር፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ ዞረብኝ።

«አንተ ኦዲተር! መመዘኑን ማን ጠላ? 70 ልጅ አንድ ክፍል አጉሮ፣ መጽሐፍ ለሦስት አንድ ሰጥቶ፣ ላቦራቶሪው ተቆልፎ፣ ደሞዜ ወር ሳይሞላ አልቆ፣ ከዚያ ና ልመዝንህ የሚለኝን ነው የጠላሁት። ቤተ ልሔም ስትል ሰማሁህ። እዚያ የሚመዝኑት እኮ ራሳቸው ተመዝነው የተቀመጡ ናቸው። እኔን የሚመዝነኝ ሰው ማን ጋ ሄዶ አስመሰከረ?»

የምመልስለት አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ለምዘናው አብረን ተመዘገብን። መነጽሩን ቤት ረስቶ ስለነበር ፎርሙን የሞላሁለት እኔ ነኝ፤ የአገልግሎት ዘመን የሚለው ጋ ስደርስ «በደንብ አድርገህ ጻፈው፣ እንዳይሳሳቱ» አለኝ።